ሚኒ ሚዲያ ክበቦች ካሜራም ያስተምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ከረማችሁ? ጎንደር ውስጥ በስልካቸው አጭር ፊልም የሚሠሩ ተማሪዎች እየበዙ ነው። በጣም ደስ ይላል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ የተወለደባት ከተማ ናትና ፍላጎቱስ ከየት ይጠፋል? ችግሩ መሠረቱን ቁጭ አድርጎ የሚያሳያቸው ማጣታቸው ነው።

በቅርቡ አንድ የተማሪዎች ሥራ አይቼ ነበር። ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ሁለት ጓደኛሞች ይጣላሉ። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ትወናውም ጥሩ ነው። ግን ቀራጩ የልጅቷን ፊት ለብቻ ሊያነሳ ሲል በመሐላቸው አልፎ ማዶ ተሻገረ፤ ሲቀናበር ሁለቱም ወደ ቀኝ እያዩ ወጡና እርስ በርስ ሳይሆን ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚያናግሩ መሰሉ። ጠቡ እዚያው ላይ ቀዘቀዘ። በሁለቱ ተዋንያን መካከል መስመር እንዳለ አስቦ ካሜራውን ከአንድ ወገን ማቆየት ነበር መፍትሔው። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚሉት ይኸው ነው። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ኤዲቲንጉም፣ ማለትም ምስሎቹን ቆርጦ ማቀናበሩም፣ እንደዚያው። ልጆቹ በየቁርጡ፣ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው በሚሻገሩበት ሁሉ፣ የሚሽከረከር ማሸጋገሪያ (ትራንዚሽን) ይጨምራሉ። አያስፈልግም! እናት በሩን ገፋ ስታደርግ እንቅስቃሴው መሐል ላይ ቆርጦ ከውስጥ በተቀረጸው መቀጠል ነው፤ ዓይን እጇን ስለሚከተል ቁርጡን ልብ አይለውም። ለዚህ ግን በሩ ሲከፈት ከውጭም ከውስጥም ሙሉውን መቀረጽ አለበት፣ አለዚያ ኤዲተሩ ምን ይዞ ይቆርጣል? የቡና ሙቀጫውን ድምፅ ደግሞ ምስሉ ሳይመጣ ቀደም አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ተመልካቹ ሳይታወቀው ቤት ውስጥ ይገባል።

ፊትን ከቅርብ የሚያሳየው ክሎዝ አፕም ቢሆን በየደቂቃው ከመጣ ጉልበቱን ያጣል። ቦታውን በሰፊው የሚይዘው ዋይድ ሾት የት እንዳለን ያሳየን፣ ሰውን ከወገቡ በላይ የሚይዘው ሚዲየም ሾት ማን ምን እንደሚሠራ፤ ክሎዝ አፕ እንባው ሊወርድ ሲል ይምጣ።

ካሜራ የለንም የሚለው አያግደንም። ስልክ ይበቃል፣ በስልክ የሚሠሩ የኤዲቲንግ አፖችም ሞልተዋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኮምፒውተር ኤዲቲንግ ፕሮግራምም ነፃ አለው፣ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል።

እናም ትምህርት ቤቶቻችንን የምጠይቀው፣ ዜናና ግጥም የሚነበብባቸው ሚኒ ሚዲያ ክበቦች በሳምንት አንድ ከሰዓት ለዚህ ይስጡ። የከተማችን የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች መጥተው ቢያሳዩአቸው ደግሞ ከማንም በላይ ያስተምሯቸዋል። ጋዜጣችሁም አንድ ጥግ ቢፈቅድ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከጎንደር