ደብዳቤ ለልጄ፦ የአሮጌው ቤት ባለቤቶች እነማን ነበሩ?

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የቤቱን ታሪክ ልትጽፊ መነሳትሽ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት ታሪክ ግን ሽማግሌ በመጠየቅ ብቻ አይቃናም። በወግ «አያትየው ሠሩት» ተብሎ ይታለፋል፤ ወረቀቱ ሲታይ ቦታውን የገዛው አንዱ፣ ቤቱን ያቆመው ሌላው፣ በረንዳውን የጨመረው ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከዛሬው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ተነሺና ወደ ኋላ ሂጂ።

የቦታና የቤት ግብር ደረሰኞችን በየዓመታቸው ደርድሪያቸው። የከፋዩ ስም በተቀየረበት ዓመት አካባቢ ውርስ፣ ስጦታ ወይም ሽያጭ አለ፤ ያንን ዓመት ይዘሽ ውሉን፣ ኑዛዜውን ወይም የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማስረጃ ፈልጊ። ስመ ንብረቱ ሳይዛወር ግብሩ ለዓመታት በሟች ስም የሚከፈልበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ደረሰኙ በአንድ ሰው ስም መቆረጡ ሰውየው በሕይወት ነበሩ ማለት አይደለም።

ስም ላይ ተጠንቀቂ። አንዱ ሰው በአንድ ውል ባላምባራስ፣ በሌላው ግራዝማች ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሁለት ሰው እንዳታደርጊያቸው። እንዲያውም ቀኑ የጠፋበትን ወረቀት በዚህ ታስተካክዪዋለሽ፤ ባላምባራስነት በማዕረግ ከግራዝማችነት በታች ስለሆነ ባላምባራስ የሚለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል። ሴቶቹን ደግሞ ወረቀት ይደብቃቸዋል፤ ቦታው የሚስት ሆኖ ካርታው በባል ስም የወጣበት ቤት ጥቂት አይደለም። የጋብቻ ውሉን ሳታዪ ማንንም ብቸኛ ባለቤት አድርገሽ አትጻፊ።

ትልቁ ቋጠሮ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተውቶ ትርፉን ወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በአንድ ግቢ ዋናው ቤት የግል ሆኖ የጓሮ ክፍሎች የቀበሌ የሆኑት፣ በመካከል አጥር ገብቶ በሩ የጋራ የቀረው በዚህ ነው። የድሮው ውልና የዛሬው ካርታ ስፋት ባይስማሙ ቶሎ ስህተት ነው አትበዪ፤ የተወረሰው ክፍል ወይም ለመንገድ የተቆረጠው ሊሆን ይችላል። ከአዋጁ በፊት የነበሩትን የቦታው ባለቤት፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን የቤቱ ባለቤትና የቦታው ባለይዞታ ብለሽ ጻፊ።

ወረቀት ያልደረሰበትን ግድግዳው ላይ ፈልጊ። ልስኑ በለቀቀበት ጥግ ጠጋ ብለሽ እዪ፤ ከድንጋዩ መሠረት በላይ ቋሚና ማገር፣ ጭድ ያለበት ምርጊት፣ በላዩ ኖራ፣ በኖራው ላይ የዘይት ቀለም ተደራርቦ ይታያል። የዋናው ቤት ቋሚ ጥድ፣ የአንዱ ክፍል ባሕር ዛፍ ከሆነ ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ የኋላ ቅጥያ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከተማውን የሞላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ በኋላ ነውና። በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ ካገኘሽ ምልክት አድርጊበት። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፣ ልስኑም በሰፊው ይገነጠላል። ሲጠገን በጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ ይመረግ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብበት።

ዋናዎቹን ወረቀቶች ላሚኔት እንዳታስደርጊ፤ ሙቀቱ አሮጌ ቀለም ያበላሻል፣ ማኅተሙን ለመመርመርም ያስቸግራል። ፊታቸውንም ጀርባቸውንም ፎቶ አንሺ፤ ቴምብሩና በእጅ የተጻፈው ማስታወሻ ጀርባው ላይ ሊሆን ይችላል። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካገኘሽ እንዳለ ገልብጪውና የእኛን አጠገቡ አስቀምጪ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው።

ደህና ሁኚልኝ።
እናትሽ