ሰኞ ሰኞ የሚያለቅሰው ጣሪያ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ ለሚጡ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እንደ ድሮው «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ዓመት ከአንድ ወር አፌን ዘግቼ ከርሜ ስለ ናፍቆት ባወራ አንቺው ትስቂብኛለሽ። ለመደወል ሁለቴ ሞክሬ ነበር። አንዴ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። አንዴ ደግሞ ጠራ፣ ደንግጬ ዘጋሁት። «ሚስድ ኮል» አይተሽ ከሆነ እኔ ነኝ። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል አልኩ። ወረቀት ላይ ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ አንቺም አታቋርጪኝም።

የአክስትሽ ልጅ ተከራይቶት ከነበረው ከእማዬ ኮንዶሚኒየም የወጣ ዕለት ደውዬ ያልኩሽን አልረሳሁትም። «ያንቺ ዘመድ ቤቱን ድራሹን አጥፍቶት ወጣ። ሁለተኛ ሰው እንዳታመጪብኝ።» አንቺ «እሺ» ብቻ ብለሽ ዘጋሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ቤቱን በንዴት ቆልፌው ሄድኩ። ወዲያው ወንድሜ ሱቁን ሲዘጋ ዕቃውን አመጣና አጨቀበት። ዓመት ሙሉ የካርቶን መጋዘን ሆነ። ዘንድሮ ግን የእማዬ መድኃኒት ከደመወዜ በላይ ሆነብኝና ኪራዩ አስፈለገ። ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ዕቃውን አነሳ። እኔም ከመሥሪያ ቤት አንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁ። ሰው ላስጠርግ ብዬ ዋጋ ብጠይቅ የነገሩኝ ራሴን አዞረኝ። በኋላ ሳስበው እንኳንም ራሴ ገባሁ።

አራተኛ ፎቅ መሆኑን ታውቂዋለሽ። ሊፍት የለም። ውሃው በፈረቃ ነው፤ የእኛ ብሎክ ተራ ሰኞ ነው። በሌላው ቀን ከታች ካለው ሮቶ በጀሪካን መቅዳት ነው። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርሺ ግን 50 ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን አምስት ጀሪካን አወጣሁ። ማታ ጉልበቴ የእኔ አልመስል አለኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ነው። የጓጓሁት ሴራሚኩ ሲያበራ ለማየት ነበርና ወለሉን አጠብኩ። ሙልጭ አድርጌ። በማግሥቱ ቀለም ቀቢው መጣ፣ ግድግዳውን ፈገፈገ፣ የምስማሩን ቀዳዳ በጄሶ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ወለሉ ዱቄት የተነፋበት ወፍጮ ቤት መሰለ። አምስቱ ጀሪካኔ ውሃ በላው። ቀቢው ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ከላይ ወደ ታች ነው እኮ» አለኝ። እትዬ ያለኝ ከውሃው በላይ አናደደኝ። ለካ አርጅተናል።

ወጥ ቤቱ የጉድ ነበር። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ የዘይት፣ የበርበሬና የቁሌት ጭስ ተጋግሮበት ጣት ሲያርፍበት ይይዛል። ቀቢው በላዩ ሊቀባው ነበር፣ ከለከልኩት። ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም በወሩ ይላጣል። ሙቅ ውሃ በላርጎ በጥብጬ፣ እየነከርኩ፣ ትንሽ እያቆየሁ ሦስት ዙር አጠብኩት። የሦስተኛው ዙር ውሃ እንኳን ሻይ ይመስል ነበር። የሻወሩን ጭንቅላት ፈትቼ አቼቶ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት የደፈነው ነጭ ነገር እየተፈረፈረ ወጣ። አንቺማ የድሬን ውሃ እየጠጣሽ ይኼን ለእኔ ብትነግሪኝ ነው የሚያምርብሽ። መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በአሮጌ አዲስ ዘመን አደረቅኩት። እማዬ ያስተማረችን ዘዴ ነው፣ እስካሁን የሚያክለው አላገኘሁም።

ሽንት ቤቱ ጋ ልሞት ነበር። አልቀለድኩም። መቀመጫው ውስጥ ያለው ቡናማ ቆሻሻ አልለቅ ሲለኝ በረኪና ደፋሁበት። አሁንም አልለቀቀም። ወንድሜ የተወው የሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ነበር፣ እሱንም ጨመርኩበት። ቶሎ ይገላግለኛል ብዬ ነው። ቢጫ ነገር ሽው አለና ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔ ተቃጠለ። ሳልኩ፣ መተንፈስ አቃተኝ፣ እንደ ምንም በረንዳው ላይ ወጥቼ ብረቱን ይዤ ተንበረከክሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጁበት ጋዝ ነው። ከጎን ያሉት እናት ወተት ይዘው ሮጠው መጡ። ጠጣሁላቸው፣ እንቢ አይባልም። ያዳነኝ ግን የበረንዳው አየር ነው። አደራሽን፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጫቸው እንኳ። አሞንያ ያለበትንም ማጽጃ ከበረኪና አትቀላቅዪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው ከብዶኝ ነው።

መኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ ነግሬሽ ነበር። «ሻጋታ አበቀለብኝ፣ ቤት አየር ማስገባት እንኳ የማይችል ሰው» ያልኩሽ እሱን ነው። ሥሩ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፣ ቀለሙ አብጦ ተላጧል። ሰኞ ሚያዝያ 20 ጥግ ጥጉን ልፈግፍግ ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ከታች የማይታይ ቦታ፣ ከክቡ ጎን፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ትንንሽ ጽሑፍ ናት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ።

ጥር 13። ጥር 20። ጥር 27። የካቲት 4።

ከሥሩ ደግሞ «ባልዲ ግማሽ» ይላል። ቀጥሎ «ባልዲ ሙሉ»።

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የአክስትሽ ልጅ ሒሳብ ጽፎ ይሆናል ብዬ ልፈገፍገው እጄን ሳነሳ አንገቴ ላይ ጠብ አለ። ቀና አልኩ። ሁለተኛው ጠብታ ግንባሬን አገኘው። ላይኛው ቤት ውሃ መጥቷል፤ ሰኞ ነዋ! ወርጄ ስልኬ ላይ የ2016ን ካሌንደር ፈለግሁ። አራቱም ቀን ሰኞ ነው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ ሚጡ። ብዙ ቆየሁ። የካቲት ላይ ደውሎልኝ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። «እትዬ፣ ላይኛው ቤት ቧንቧ ሳያፈስ አይቀርም» አለኝ። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» አልኩት። እሱ ከፋሲካ በፊት ወጣ። የወጣበትን ምክንያት ጠይቄው እንኳ አላውቅም። ከሕፃን ልጅ ጋር እዚያ ክፍል ውስጥ ባልዲ ደቅኖ ነበር የሚተኛው።

ላይ ወጣሁና አንኳኳሁ። እዚያ ያሉት ሴትዮ ደግ ናቸው። «ልጁማ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነግሮኝ ነበር። አከራይዋ ትመጣለች ስላለኝ ስጠብቅሽ ከረምኩ» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን የሻወሩን ሥር ቢከፍተው መጋጠሚያው ተበልቷል። ይህችን የምታክል ነገር ናት፣ በእጄ መዳፍ ያዝኳት። ወጪውን ተካፈልን። ቀቢው ደግሞ ክቡን ዝም ብሎ በውሃ ቀለም ሊሸፍነው ነበር። ጎረቤት አንድ ባለሙያ አየውና እንዲህ ያለ እድፍ በውሃ ቀለም ላይ ተመልሶ ይወጣል፣ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ በዘይት ቀለም ይታፈን አለን። እንዳለው አደረግን። ያለፈው ሰኞ ሄጄ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ጠብ አላለም።

የተቃጠለው ሶኬትስ ትያለሽ። እሱም የእኔው ነው። የምጣዱ መስመር ሲበላሽ «ለጊዜው እዚህኛው ላይ ሰካው» ያልኩት እኔ ነኝ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ፍሪጅ ያለበት ተራ ሶኬት እሱን ሊችል? አሁን የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ተሠርቶለታል።

በእርግጥ ጻድቅ አላደርገውም። አሥራ አራት ምስማር መትቷል፣ ቆጥሬዋለሁ። የወጥ ቤቱ ቅባትም የማንም አይደለም፣ የእነሱ ነው። በረሮውም ቢሆን ግማሹን የወንድሜ ካርቶን፣ ግማሹን እነሱ ይካፈሉት። ግን ይኼ ሰው ኖሮበት የወጣ ቤት ሁሉ ላይ ያለ ነው። ቤት ያጠፋ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ ሳላይ የፈረድኩት፣ አንቺንም አብሬ የቀጣሁት።

አዲስ ተከራዮች ተገኝተዋል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ግንቦት 10 ይገባሉ። ደላላው «የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበዪ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» እያለ ጆሮዬን በላው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይፈቅድም፤ ውሉ ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ይኼን ስነግረው «አዋጁን ማን ያያል» አለኝ። ኮሚሽኑን ከፍዬ አሰናበትኩት። ከተከራዮቹ ጋር ሆነን ክፍል በክፍል እየዞርን እያንዳንዱን ነገር በስልክ ፎቶ አነሳን። የቆጣሪውን ንባብም ጻፍን። ጣሪያውን ደግሞ ራሴ አሳየኋቸው። «ሰኞ ሰኞ ቀና በሉ፣ ካያችሁ በዚያው ቀን ደውሉልኝ» አልኳቸው። ግራ ተጋብተው ተያዩ።

ከትናንት በስቲያ ግንቦት ልደታ ነበር። ብሎኩ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ ዋለ። የቀበሌ ቤታችን ሳይፈርስ በፊት ደጃችን ላይ አንቺና እኔ ንፍሮ እየዘገንን እርስ በርስ የምንወራወረው ትዝ አለኝ። ላይኛው ቤት ያሉት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው «ያ ልጅ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የአንድ ወር መያዣውን ነው የያዝኩበት። 9,000 ብር። «ለጥገና» ብዬ ነበር። ቀለሙ ከሁለት ዓመት በኋላ ለማንም መቀባቱ አይቀርም፣ ቧንቧው የእሱ አይደለም፣ ሶኬቱ የእኔ ነው። ለአሥራ አራቱ ምስማር የገዛሁት ጄሶ ደግሞ ለመጥቀስም ያሳፍራል። ሙሉውን ልመልስለት እፈልጋለሁ። ግን የነበረኝ ቁጥር አይሠራም፤ ቀይሮታል መሰለኝ። አዲሱን ላኪልኝ፣ በቴሌብር አስገባለታለሁ። ከብሩ በፊት ግን ራሴ አናግሬው ይቅርታ ልጠይቀው። አንቺንም ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቁጥሩን በቴክስት ብትልኪው ይበቃኛል። ከደወልሽ ደግሞ አሁን አነሳለሁ።

ያንቺው
የልደታዋ