ወንፊት ላይ የሚቀረው፦ ለአራት የድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የእህልና የዕቃ ድጋፍ ጥሪ

የድሬዳዋ ወላጆች፣ የቀፊራ እህል ነጋዴዎች፣ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ ከከተማዋ ርቃችሁም ድሬ ሲባል ጆሯችሁ የሚቆም ሁሉ፤

በአራት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ እያንዳንዱ 40 ልጆች የሚይዝ፣ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ያልተነፋ እህል የሚያስተምር የምግብ ክበብ ልንጀምር ነው። ትምህርቱ ስምንት ቅዳሜ ይፈጃል። የእህል ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የምንጠይቀው ብር አይደለም፤ 60 ኪሎ እህልና ጥራጥሬ፣ ጥቂት የማጀት ዕቃ፣ አንድ ፈቃደኛ ወፍጮ ቤት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 160 ልጆች በየቅዳሜው 40 ግራም ጥሬ እህል የሚሆን ቅምሻ ቢያገኙ በስምንት ሳምንት 51 ኪሎ ይሆናል። የቀረው ለሙከራ፣ ለለቀማና ለወፍጮ ብክነት ነው።

«ያልተነፋ ብሉ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ልጅን አያስተምርም። ልጅ የሚያምነው እጁ የመዘነውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ የወንፊት ነው። የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍል አለው፤ ከክብደቱ 83 ከመቶ ያህሉ ነጩ የመሐል ክፍል፣ 14 ከመቶ ያህሉ ገለፈቱ፣ ከ2 እስከ 3 ከመቶው ደግሞ ሲዘራ የሚበቅለው ሽሉ ነው። ፍርኖ ዱቄት የሚባለው መሐሉ ብቻ ነው። አብዛኛው ብረት፣ ዚንክ፣ የቢ ቫይታሚኖችና ፋይበር የሚባለው አሰር ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ወጥቶ ፉርሽካ ሆኖ ለከብት ይሸጣል። 100 ግራም ፍርኖ ውስጥ ያለው አሰር 3 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከነገለፈቱ በተፈጨው ውስጥ ግን 10 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 21 ግራም፣ ከ10 ዓመት በላይ ላለው 25 ግራም አሰር ይመክራል። ጠዋት ነጭ ዳቦ፣ ምሳ ነጭ ሩዝ፣ ማታ ፓስታ ለሚበላ የድሬ ልጅ ይህ ቁጥር ሩቅ ነው። ነጩን በውድ ገዝተን ገለፈቱን ለላሚቱ ስንሰጥ የተሻለውን የበላችው እሷ ናት።

ሙከራው የሚበላሸው ወፍጮ ላይ ነው። ደረቅ ስንዴ ልሞ ከተፈጨ ገለፈቱም ደቅቆ በወንፊት ያልፋል፤ ልጆቹ የቀረውን ሲመዝኑ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ስንዴ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ረጭቶ፣ አሽቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ማሳደር ያስፈልጋል። ገለፈቱ ሲርስ ይጠነክርና ሸከር ተደርጎ ሲፈጭ በሰፋፊው ይላቀቃል። ወፍጮው ከዚያ በፊት በርበሬ ፈጭቶ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሁለት ኪሎ በቆሎ አሳልፎ እሱን መተው ግድ ነው፤ አለዚያ የትምህርቱ ውጤት ማስነጠስ ይሆናል። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ሳይበርድ ከታሰረ ያልበውና ይሻግታል። የሽሉ ዘይት በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ያልተነፋ ዱቄት ከሁለት ሳምንት በላይ አናስቀምጥም፤ እህሉን በፍሬው እናቆያለን። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚፈጭልን ወፍጮ ቤት የፈለግነውም ለዚህ ነው።

ቀለም እንደሚያታልልም ይማራሉ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ገለፈቱን ለይቶ ማውጣት አይመችም፤ ነጩም ቀዩም ከነገለፈቱ ነው የሚፈጨው። ጠቆር ያለ ዳቦ ሁሉ ደግሞ ያልተነፋ አይደለም። ማሽላን ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ቢሺንጋ፣ ሶማልኛ ተናጋሪው ሀዱድ ይለዋል፤ የእህል ካርዶቹ ላይ ሁሉም ስም ይጻፋል። የማሽላ እንጀራ በማግስቱ የሚሰባበረው ማሽላ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ነው፤ ጤፍ ቀላቅሎ አብሲት መጣል ያለዝበዋል።

ቅምሻው ሁሉ በዘይት የሚሠራ የጾም ምግብ ነው፤ ለማንም ቤት ልጅ እንዲስማማ። ረመዳን ከገባ ቅምሻው ቆሞ ሚዛኑና ወንፊቱ ይቀጥላል። ለ40 ልጆች ቅንጬ 1.6 ኪሎ ክክ ስንዴ፣ 5 ሊትር ውሃ፣ 1 ብርጭቆ ዘይትና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ክኩ አንድ ሰዓት ከተዘፈዘፈ በ25 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። በስስ ድስት ግን ከሥር ያርራል፤ ወፍራም ድስት የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ዳቦው ላይ አንቸኩልም። መጀመሪያ ሩብ ያልተነፋ፣ ሦስት አራተኛ ፍርኖ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እኩል በእኩል። በአንዴ ሙሉውን ያቀረበ ሰው ያልተነካ ዳቦና ሆዱን የነፋው ልጅ ያተርፋል። ያልተነፋ ዱቄት ውሃ ይጠጣልና ውሃው ይጨመርለታል፤ ከመታሸቱ በፊትም ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ገለፈቱ ብረትን አስሮ የሚይዝ ነገር እንዳለው ለልጆቹ አንደብቅም። እርሾና ብቅል ይፈቱታል፤ የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ ለኩምጣጤው ብቻ አይደለም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ያባብሰዋል፤ አንድ ሰዓት ይዘግይ። በሻይ ፈንታ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ይረዳል።

የምንፈልገው እህል፦ ማሽላ 16፣ ስንዴ 16፣ ገብስ 8፣ በቆሎ 5፣ ሽምብራ 7፣ ምስር 5፣ ለውዝ 3 ኪሎ። ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ እህሉ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ይሞላል። ያልተወቃ የማሽላ ራስ 40 ቢገኝ ደስታችን ነው፤ ማሽላን በኬሻ ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ብዙ ነው። ዕቃ፦ ከ30 ሊትር ያላነሰ ወፍራም ድስት 2፣ የወጥ ቤት ሚዛን 4፣ ደቃቅ ወንፊት 8፣ ሰፌድ 8፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው 4፣ ክዳን ያለው የእህል በርሜል 4፣ ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን 4።

የማንቀበለውንም በግልጽ እንናገር። በመድኃኒት የታሸ የዘር እህል፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው፣ ታጥቦም አይበላም። የነቀዝ ኪኒን የገባበት እህል፣ ኪኒኑ ቢወጣም አምጡልን አንልም። ጓያ ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ የበላውን ሰው እግር ሽባ ስለሚያደርግ ለልጆች ክበብ አይሆንም። ለውዝ የባቢሌው ይምጣ፤ ግን የሻገተ፣ የጨረጨሰ ወይም የመረረ ፍሬ ካለበት ይመለሳል። የሻጋታው መርዝ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ምዝገባ ላይ ንገሩን። ታናናሾቻቸው ተከትለው ከመጡ፣ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ለውዝ አንሰጥም፤ ያንቃል።

ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት፣ ይህ ጥሪ በተለጠፈባቸው ትምህርት ቤቶች ንብረት ክፍል ነው። ያመጣችሁት ተመዝኖ በስማችሁ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጣል። ከስምንተኛው ቅዳሜ የተረፈ እህል እዚያው በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጥቶ ለትምህርት ቤቱ ምገባ ማጀት ይተላለፋል። እህሉን በንጹሕ ጆንያ አምጡ፤ ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጆንያ ከሆነ አንረከብም። ጆንያው ባዶውን ወዲያው ይመለስላችኋል።