ኦንላይን ከሆነ ለምን አልረከሰም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ለነርሶቻችሁ የቅይጥ ሥልጠና (ንድፈ ሐሳቡ በኦንላይን፣ ተግባሩ በአካል) ፕሮፎርማ ከላክንላችሁ በኋላ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው። «ግማሹ ትምህርት በስልክ ነው ካላችሁ፣ ዋጋው እንዴት ከክፍሉ ሥልጠና ይበልጣል?» እውነታችሁን ነው። መልሱ ግን ቆሞ የሚወራ ስላልሆነ በጽሑፍ አደረግነው።

የክፍል ሥልጠና ወጪ ከሰው ቁጥር ጋር ያድጋል። 30 ነርስ ከጨመራችሁ አዳራሹም፣ ምሳውም፣ የአሠልጣኙ ክፍያም ይጨምራል። ኦንላይኑ እንዲህ አይደለም። ትምህርቱን መጻፍ፣ መቅረጽ፣ በሐኪም ማስገምገም፣ ፈተናውን ማውጣት፤ ይህ ሁሉ አንድም ሰው ሳይማር የሚወጣ ገንዘብ ነው። አንዴ ካለቀ ግን 31ኛው ሠልጣኝ የሚያስጨምረው ነገር ኢምንት ነው። የመጀመሪያው ዙር ፕሮፎርማ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። አምስተኛው አያስደነግጥም።

ትልቁ ወጪ ግን ፕሮፎርማው ላይ የለም። ከዋርድ፣ ማለትም ከሕሙማን ክፍል፣ የጎደለው ሰው ነው። ወይ ሌላ ሰው በትርፍ ሰዓት ይተካዋል፣ ወይ ማንም ሳይተካው ይቀርና የዚያ ፈረቃ ተረኞች ይሸከሙታል። ሁለተኛው ነፃ ይመስላል። ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። 30 ነርሶች 5 ቀን ክፍል ቢገቡ 150 የሥራ ቀን ከዋርድ ወጣ ማለት ነው። በቅይጡ 2 ቀን ተግባር በአካል ይሠራሉ፣ ይህ 60 ቀን ነው። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን ይማራሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 12 ሰዓት። እዚህ ላይ ራሳችንን እንውቀስ። ድሮ ለደንበኛ ስናስረዳ «90 ቀን ታተርፋላችሁ» እንል ነበር። 12ቱን ሰዓት ረስተነው ነው፤ ወይም እንዳይታይ ፈልገን ነው። 12 በ30 ሲባዛ 360 ሰዓት፣ ማለትም ባለ 8 ሰዓት 45 የሥራ ቀን ይሆናል። 60 እና 45 ሲደመር 105። እውነተኛው ትርፍ 45 ቀን ነው፣ ከተናገርነው ግማሹ። የዝግጅቱ ወጪ የ135 የሥራ ቀን ደመወዝ ያህል ነው እንበል። ከ3 ዙር በኋላ፣ ማለትም 90 ነርስ ሲሠለጥን፣ ወጪና ትርፍ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ ለእናንተ ነው። ጉዞና ማደሪያ የሚያስፈልገው ሠልጣኝ ካላችሁ ደግሞ እኩል የሚሆኑበት ቀን ቶሎ ይደርሳል።

«ሰዓቱን በእረፍታቸው ይማሩት» የሚል ሐሳብም ይመጣል። እንደዚያ ከሆነ 45ቱ ቀን አልቀነሰም፣ ወደ ነርሷ ቤት ተዛወረ እንጂ። ሌሊቱን ተረኛ ያደረች ሰው ቪዲዮውን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ልጇን ቁርስ ታበላለች። ሲስተሙ «ተጠናቋል» ይላል። ማን ይፈርድባታል? የጥናት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ካልተያዘ የኦንላይኑን ክፍል ባትገዙን ይሻላል፤ ይህን የምንለው ሻጮቹ ራሳችን ነን።

የተገላቢጦሹን የሚጠይቁንም አሉ። «ሁለቱን የተግባር ቀን አውጡትና ጠቅላላው ኦንላይን ይሁን።» ይህን አንሠራም። ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን የሚደረገውን የልብና ሳንባ ማነቃቃት ውሰዱ። ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከ6 ሳይበልጥ መጫን ነው። ይህን ቁጥር ማንም በአንድ ምሽት ይሸመድደዋል። እጅ ግን የሚያውቀው የመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ሲያልበው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክህሎቱ ከሥልጠና በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ መዳከም መጀመሩ ነው፤ ብዙ ቦታ የምስክር ወረቀቱ 2 ዓመት እያገለገለ። ስለዚህ ከተረፉት 45 ቀናት ጥቂቱን መልሳችሁ በየሦስት ወሩ ለ15 ደቂቃ ዋርድ ውስጥ ልምምድ አውሉት እንላለን። «አንድ ሰው ማሠልጠን ስንት ፈጀ?» ከማለት «ከ6 ወር በኋላም በትክክል የሚሠራ አንድ ሰው ስንት ፈጀ?» ብላችሁ ጠይቁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ርካሹን ያስመርጣል።

አንድ ወጪ ቀረ፤ እኛም በኪሳራ የተማርነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የልብ ማኅበር የዚሁን ማነቃቃት ቅደም ተከተል ቀየረ። አየር መተላለፊያን ከመክፈት መጀመር ቀረና ደረት መጫን ቀደመ። እንዲህ ዓይነት ዋና ክለሳ በየ5 ዓመቱ ገደማ ይመጣል። እኛ አንድ ጊዜ 40 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ወጥ ቪዲዮ ሠርተን ነበር። መመሪያው ላይ አንድ እርምጃ ተቀየረና ሙሉውን እንደገና ቀረጽነው። አሁን ከ5 ደቂቃ የማይበልጡ ቁርጥራጮች እንሠራለን፤ የተበላሸውን አንዱን ብቻ እንተካለን። ፕሮፎርማው ላይ «ዓመታዊ እድሳት» የሚለው መስመር ይኸው ነው። ሰርዙልን አትበሉን፤ ያረጀ የሕክምና ትምህርት ጭራሽ ካለመማር ይብሳል።

ውጤቱስ? የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የጥናቶች ግምገማ ቅይጡ ከክፍል ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ይናገራል። ግን በቅይጡ የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ይዘት እንደነበራቸውም አብሮ ጽፏል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የሚጠቅስ ሻጭ እምብዛም አይገኝም።

አዲስ ፕሮፎርማ ስትጠይቁን ሦስት ነገር ላኩልን፦ በ3 ዓመት ውስጥ የምታሠለጥኑት ሰው ብዛት፣ በዓመት ስንት ሠራተኛ እየለቀቀ ስንት አዲስ እንደሚገባ፣ እና ለጥናት የምትከፍሉት የፈረቃ ሰዓት። አዲስ ሰው በብዛት የሚገባባችሁ ከሆነ ቅይጡ ቶሎ ያዋጣል፤ አዲሱ ሠራተኛ ቀጣዩን ዙር ሳይጠብቅ ንድፈ ሐሳቡን ይጀምራላ። ጠቅላላ ሠልጣኛችሁ 20 ሰው ከሆነና ድጋሚ ካልታሰበ ግን የክፍሉን ፕሮፎርማ ነው የምንልክላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥልጠና ዝግጅት ክፍል