ጥያቄው ሳይበስል አይላክ

ውድ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

በጋራ የምንጠቀምበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በወር የሚፈቅድልን ጥልቅ ፍለጋ (ብዙ ምንጮችን አገላብጦ ረጅም ዘገባ የሚያዘጋጅበት) የተቆጠረ ነው። «ስለ ድርቅ ጻፍልኝ» ብሎ መላክ ድስት ጥዶ ሽንኩርት ፍለጋ እንደ መውጣት ነው። ጥያቄውን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ አርሙት።

ከሁሉ በላይ የዘመን አቆጣጠሩን ግለጹ። እኔው ራሴ ስለ 1977ቱ ረሃብ ጠይቄ፣ መሣሪያው ዓመቱን በፈረንጆች ቆጥሮ ስለ ቀይ ሽብር የሚተርክ ረጅም ዘገባ አመጣልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1977፣ በጎርጎርዮስ 1984/85» ማለት ነበረብኝ። ቦታውንም ወስኑ፤ ወሎ ነው ትግራይ? የምትፈልጉት የዝናቡን መጠን፣ የእርዳታ እህሉን ወይስ ሰፈራውን?

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ማብራሪያ ከጠየቃችሁ «እሺ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ረቂቅ ጥያቄዎቻችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።