ጀማሪ ደራሲ ሁሉ ወጣት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ለአዳዲስ ደራስያን ድጋፍ እንዲደረግ የሚጠይቅ ጽሑፍ ማውጣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጀማሪ ደራሲ ሲል ገና ዩኒቨርሲቲ ያለውን ወይም በቅርቡ የተመረቀውን ልጅ ብቻ ስለሚያስብ፣ ዕድሜ ልኩን በመምህርነት ኖሮ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው ጡረታ ከወጣ በኋላ የሆነ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚለው ነገር አለ።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» የሚሉን አሉ። ብዙዎቻችን በወጣትነታችን ጽፈናል። የደርግን ሥርዓት የሚተቸው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የመንግሥት በነበረው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በዓመቱም ደራሲው ከቤቱ እንደ ወጣ ሲቀር፣ በየአውራጃው ያለ ወጣት መምህር ረቂቁን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ከመላክ ይልቅ ከሣጥኑ ሥር ማስቀመጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ቅድመ ምርመራ (ሳንሱር) በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ሲቀር ደግሞ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። የመምህር ደመወዝም ለልጆች ደብተር እንጂ ለማተሚያ ቤት የሚተርፍ አልነበረም።

ዛሬ ማንም ሰው ማሳተም ይችላል፤ ገንዘቡ ካለው። ልብ ወለድ የሚያሳትም ያልታወቀ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ነው። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ሲንር የቅጂው ቁጥር ያንሳል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይወደዳል። አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ይቀንሳል፤ መደብሩ መጽሐፉን የሚረከበው «ሲሸጥ እንከፍላለን» ብሎ ነው። አዟሪውም ክንዱ ላይ የሚደረድረው መንገደኛው ስሙን የሚያውቀውን ደራሲ ስለሆነ፣ በዚህ አልፈርድበትም፤ የዕለት እንጀራው ነው። ይህ ሁሉ ግን ወጣቱንም ሽማግሌውንም እኩል የሚመለከት ችግር በመሆኑ አላረዝመውም።

የእኛ የብቻችን ችግር ይሉኝታ ነው። ወጣት ደራሲ መጽሐፉን ሲያወጣ እኩዮቹ በየሻይ ቤቱ ይበልቱታል፤ ገጸ ባሕርይህ አይታመንም፣ ምልልስህ ስብከት ይመስላል፣ መጨረሻው ችኮላ አለበት ይሉታል። ይከፋዋል፣ ግን ለሁለተኛው መጽሐፍ ስንቅ ይሆነዋል። ፀጉሩ የሸበተ ጀማሪ ግን እንዲህ ያለ ባለውለታ የለውም። የቀድሞ ተማሪዎቹ፣ ጎረቤቶቹና የዕድሩ አባላት በመጽሐፉ ምረቃ ዕለት ተሰብስበው አንዳንድ ቅጂ ይገዙና ያስፈርማሉ፤ «ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ይሉታል። ከወር በኋላ እንዴት አገኛችሁት ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ግሩም ነው፣ ዕድሜ ይስጥዎት» ነው። ዕድሜ እንዲሰጠን መመኘታቸው መልካም ነው፤ እኛ ግን የለመንነው ንባብ ነበር። ታላቅን ማክበር የባህላችን ጌጥ ቢሆንም፣ በሥነ ጽሑፍ ነገር የሚከበር ሰው የማይነበብ ሰው ሊሆን እንደሚችል በራሴ አይቻለሁ።

ቀድሞ ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ የሚሞላ አሠራር ነበር። ኩራዝ የደረሰውን ረቂቅ ለገምጋሚዎች ያስነብብ ነበር። የዘመኑን ፖለቲካ የሚጠብቅ ዓይን አብሮት ስለነበር ያ ጊዜ ይመለስ የሚል ጤነኛ ደራሲ አይኖርም። ነገር ግን ሳንሱሩ ሲቀር ገምጋሚውም አብሮ ቀረ። አሁን ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀው ሂሳቡን ነው፤ በጀርባ ሽፋኑ ላይ አስተያየት የሚጽፈው ወዳጅ ደግሞ «ሦስተኛውን ምዕራፍ አውጣው» አይልም።

በዕድሜ ገፍቶ መጻፍ ዋጋ የለውም ለሚሉ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪክ በቂ መልስ ነው። በ1902 ዓ.ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም. ሲወጣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ እሳቸው አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ስለሆኑ ስማቸው ከልብ ወለዳቸው አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ማነጻጸሩ ድፍረት ነው። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ መጽሐፍ ገዝቶ በማያውቀው ሰው ጆሮ የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ሐዲስን ለሚያህል ሰው ሥራ አንባቢ ማገናኛ ካስፈለገው፣ ስም ለሌለው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። የድርሰት ውድድር የሚያዘጋጁ ተቋማት በማስታወቂያቸው ላይ «ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት ያልበለጠ» የሚል መስፈርት ካላቸው ትተው «የመጀመሪያ ሥራው የሆነ» ቢሉ ወጣቱን አይጎዱም፤ ረቂቆቹ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ ለዳኞች ከቀረቡ ደግሞ ሽበትም ሆነ ማዕረግ ለማንም አያደላም። ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በግማሽ ገጽ፣ ስሙ ያልተሰማ ደራሲ ያሳተመውን አንድ የበኩር ልብ ወለድ ዕድሜውን ሳትጠይቁ አስነብባችሁ ሂስ አውጡ። ሐያሲው ደራሲውን የማያውቅ ሰው ይሁን። መጽሐፉ ደካማ ከሆነም የቱ ጋ እንደ ደከመ በገጽና በምሳሌ ይጻፍ እንጂ ለሽማግሌነታችን ሲባል አይለዝብ። መጽሐፎቻችንን ያለ ክፍያ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ለማምጣት ፈቃደኞች ነን፤ የምናስረክብበት ቀንና የሚረከበን ሰው ቢገለጽልን ይበቃናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር
ከአዲስ አበባ