ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ሕፃናት የክረምትና የቅዳሜ ትምህርት የድጋፍ ጥሪ

ለሽሮ ሜዳና አካባቢው ነዋሪዎች፣ በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈሩ ልጆችም፤

ከሐምሌ 6 እስከ ነሐሴ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6 ሰዓት ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 40 ልጆች በዕድሩ አዳራሽ ይሰባሰባሉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይቀጥላሉ። የምንለምናችሁ ኮምፒውተር ወይም ሮቦት አይደለም፤ የባትሪ ድንጋይ፣ ዳቦ፣ ፌሮና የታክሲ ሒሳብ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ ተጀምሮ የሚቀረው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ።

በዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የሳይንስ ማዕከላት በአብዛኛው የሚቀበሉት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ችግሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። የክፍል ሥራውን በ5 ደቂቃ ጨርሶ ጎረቤቱን የሚነካካ ልጅ ረባሽ ይባላል። ቶሎ የጨረሰች ልጅ ደግሞ ዝም ማለት ትለምድና ማንም ልብ አይላትም። ስለዚህ የምንመርጠው በክፍል ደረጃ አይደለም፤ 1ኛ የሚወጣ ልጅ ጎበዝ አጥኚ ብቻ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳቀረበው፣ ከአማካይ በላይ ችሎታን፣ ፈጠራንና የያዙትን አለመልቀቅን አንድ ላይ እናያለን። መምህሩ ቅጽ ይሞላል፣ ወላጅ ይጠየቃል፣ ከዚያ በሰኔ ወር ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ልጆቹ 3 ሰዓት ሙሉ ሲሠሩ እናያቸዋለን። ሥራዎቹ በቅርጽና በጠጠር የሚሠሩ ናቸው፤ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራጊኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ምክንያት እንዳይወድቅብን።

ወላጆች አስቀድመው እንዲያውቁት ያህል፣ ይህ ማስጠኛ አይደለም። የ2ኛ ክፍል ልጅ የ4ኛ ክፍልን መጽሐፍ ቀድሞ ቢጨርስ 4ኛ ክፍል ሲደርስ መልሶ ይሰለቻል። የምንሰጠው በክፍል የማይነካውን ነው።

ለምሳሌ የጥላ ልኬታውን እንውሰድ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በክረምት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታችን 1 ሜትር ዘንግ በቀትር 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ከዚያ እያጠረ ሄዶ ነሐሴ 23 እና 24 አካባቢ ይጠፋል። ዘንድሮ እነዚህ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለዋሉ ሐሙስ ነሐሴ 21 እና ሰኞ ነሐሴ 25 እንለካለን። ሐሙስ 2 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ጥላ ወደ ደቡብ፣ ሰኞ 1 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ወደ ሰሜን መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል፤ ደመናው ከፈቀደ። እነዚያን ሁለት ቀናት እስከ 6:45 እንቆያለን፤ ሰዓታችን የተሞላው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነና እኛ ከዚያ በስተምዕራብ ስላለን የፀሐይ ቀትር እዚህ የሚሆነው ከ6 ሰዓት ከ25 በኋላ ነው። ልክ 6 ሰዓት ላይ የለካ ቡድን ወደ ምዕራብ የተዘረጋ 11 ሴንቲ ሜትር ጥላ አግኝቶ ግራ ይጋባል። ግራ መጋባቱን እንፈልገዋለን።

ዘንጉ ግን ቀጥ ማለት አለበት። 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ስሕተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ነው፤ ይህ ከምንለካው ጥላ ይበልጣል። እንጨት በዝናብ ይጣመማል። ስለዚህ ፌሮ እንፈልጋለን። ከሲሚንቶው በላይ 1 ሜትር እንዲቀር እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ15 ይቆረጣል፤ አንድ ባለ 12 ሜትር ፌሮ ለ10ሩም ዘንግ ይበቃል። ባዶ ባለ 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ 10፣ ሩብ ኩንታል ሲሚንቶ፣ 3 ቱምቢ፣ 2 ውሃ ልክ። ጫፉ ዓይን እንዳይወጋ በሞረድ ይለሰልስና የጠርሙስ ቡሽ ይሰካበታል። በሰፈሩ ግንበኞች ስላላችሁ የግማሽ ቀን ሥራችሁ ከገንዘቡ ይበልጥብናል።

ለኤሌክትሪኩ፣ ለሁለት ልጅ አንድ ጥቅል ሆኖ 20 ጥቅል እናዘጋጃለን፤ 2 የባትሪ ድንጋይ፣ የድንጋይ ማቀፊያ፣ 2 ቀይ እና 1 ነጭ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)፣ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ)፣ 1 ሜትር ተኩል ሽቦ። ነጩ 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ በአንድ ድንጋይ አይበራም፤ በሁለትም ካልበራ እግሩ ተገልብጧል፣ ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ቀዩ ያለ ሬዚስተር ከተገናኘ ይቃጠላል። ልጆች የሽቦውን ሁለት ጫፍ በቀጥታ ማገናኘታቸው አይቀርም፤ ድንጋዩ ይግልና ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ 40 ሳይሆን 160 ድንጋይ እንጠይቃለን። የሰዓት ክብ ባትሪ ግን እባካችሁ አታምጡ፤ ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል።

ገበጣው ርካሽ ነው። 30 እንቁላል የሚይዝ ካርቶን 5 በ6 ስለሆነ ሁለት ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣዋል፤ 10 ካርቶን ለ20 ጥንድ። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ በጠቅላላ 960 ይሆናል፤ 1 ኪሎ ባቄላ ከነሚጠፋው ይበቃል። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ አስተባባሪው ቢጮህም አይሰማም። ያኔ ገበጣ ይወጣል።

ከፍ ላሉት ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የዘመን ቀመር አለ፣ በሃይማኖት ትምህርትነት ሳይሆን በቀሪ ሒሳብነቱ። 2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ 1 ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። ወንበርን በ11 አባዝቶ ለ30 ማካፈል አበቅቴ የሚባለውን 12 ያስቀራል፤ በ19 አባዝቶ ለ30 ማካፈል ደግሞ መጥቅዕ የሚባለውን 18። ሁለቱ ተደምረው ለምን 30 እንደሚሞሉ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉታል፤ እኛ አንነግራቸውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ 50።

በዓል ሳይቀነስ 32 ጠዋት አለን። 40 ልጅና 6 አስተባባሪ ሲቆጠር 1,472 ዳቦ ነው፣ ከሻይ ጋር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የሚጾሙ ልጆች ይኖራሉ፤ ወተትና እንቁላል ትተን ሁሉም የሚበላውን ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ መርጠናል። ከራቀ ቦታ ለሚመጡ 10 ልጆች የታክሲ ሒሳብ እንይዛለን፤ የሚቀር ልጅ በአብዛኛው የሚቀረው ሳይወደው ሳይሆን በዚህ ነው። ታናሽ የምትጠብቅ ልጅ ታናሿን ይዛ ትምጣ፣ ጥግ ላይ ሰሌን ይነጠፋል። ሰሌን 20 እንፈልጋለን፤ ሰፈር ውስጥ ኀዘን ሲሆን የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከድንኳኑ ጋር ይወጣሉና።

ያገለገለ መማሪያ መጽሐፍና ቻርጀር የሌለው ኮምፒውተር አንቀበልም፤ ማስቀመጫ የለንም። የልጆች ተረትና የሳይንስ መጽሐፍ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ደስ እያለን እንቀበላለን። በውጭ ያላችሁ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ 20 የእጅ አጉሊ መነጽር ብትልኩ ይጠቅመናል። 3 ወይም 5 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፤ 30 እጥፍ የተባለው ርካሹ ጠባብ ስለሆነ ሕፃን ምንም አያይበትም።

20 ልጅ ከ3 አስተባባሪ ጋር ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥም። የልጆቹን ፊት የሚያሳይ ፎቶ ለለጋሽም ቢሆን አንሰጥም፤ የዘንጉንና የደብተሩን እንልካለን።

ገንዘብ ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይሰጣል፤ ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰው ፊርማ ሲሆን፣ ሒሳቡ በየወሩ መጨረሻ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። ዕቃ የምታመጡ እስከ ሰኔ 27 ባሉት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው። ፌሮውና ሲሚንቶው ግን ከሰኔ 20 በፊት ይድረሰን፤ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት መድረቅ አለበት።